ፍራሹን ያረጠበው ዋቅወያ

ሸዋገነት መሸሻ ድምፅዋን ከማን እንደወረሰች ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቅ የለም። አባቷ መሸሻ ከሸዋ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። እሷ ግን ጨለለቂ ሰፈር ካለው ግቢዋ ሆና ዶሮ ስታባርር፣ ገበያ ያለ ሰው ዕቃውን ይሰበስባል ይባልላታል። የምትጸልየው በአማርኛ ነው፤ የምትጣላው በኦሮምኛ። ለምን ቢሏት፣ «እግዜርስ ሁሉንም ይሰማል፤ ጎረቤቴ ግን ኦሮምኛ ካልሆነ አይገባውም» ትላለች።

ባሏ ቂርቆስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ሞተ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙአለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ሆና የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ኖረች፤ ሙአለ ሕፃናቱም አንድ ቀን ተዘጋ። በተዘጋበት ዓመት ደግሞ ጎረቤቷ አዲስ ግንብ ሲያሠራ ወደ ግቢዋ አንድ ክንድ ገባባት። ከሰሰች። ዳኛው ኦቦ ዋቅወያ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ቃል የማይተነፍሱ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ለጎረቤቷ ፈረዱለት። ሸዋገነት ከችሎት ስትወጣ፣ «ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አለች። አለች እንጂ አልሰጠችም፤ ይዛው ነው የዞረችው።

ሥራ ፈትታ በተቀመጠችበት ሰሞን ኦቦ ባቻ አስጠሯት። ኦቦ ባቻ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ሟቹ ቂርቆስ ቡናቸውን ያመላልስ ስለነበር ከድሮ ያውቋታል። እሳቸው በቅርቡ እንግሊዝ አገር ደርሰው ተመልሰዋል። ቡናቸውን የሚገዛ አንድ እንግሊዛዊ ጋብዟቸው፣ በልጅነቱ የተማረበትን የገጠር አዳሪ ትምህርት ቤት አሳያቸው። የድንጋይ ሕንፃ አዩ፤ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ሣር አዩ፤ ጥቁር ኮት የለበሱ ልጆች በደወል ሲሰለፉ አዩ። ዕድሜውን ቢጠይቁ አራት መቶ ዓመት አላቸው። ኦቦ ባቻም አራት መቶ ዓመት የፈጀውን ወግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀስመው ተመለሱ፤ ከዚያም ላይ ሻይ የጠጡበት ይቀነሳል።

እንደመጡ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ አጠገብ መሬት ወስደው ኦክሂል አዳሪ ትምህርት ቤት የሚባል አቆሙ። ኦክ የሚባለው ዛፍ ጉቴ ላይ አይበቅልም፤ ሂል ማለት ኮረብታ ነው ቢባልም ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወላጆች ግን ለዛፉም ለኮረብታውም አልመጡም። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዘመን፣ የኑኑ ቁምባ ወረዳም ሆነ የሌላ ቦታ ወላጅ የፈለገው ልጁ አንድ ቦታ ረግቶ እንዲማር ነው። እንግሊዝን ሳይሆን አጥሩን አይተው ነው ያስመዘገቡት።

«ልጆቹን በዶርም የምትጠብቅ ሴት እፈልጋለሁ» አሏት ኦቦ ባቻ። «እዚያ ሜትረን ነው የሚሏት። እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?»

«ኦቦ ባቻ፣ ልጅ የሚፈራው ድምፅ ነው እንጂ ቋንቋ ነው እንዴ?»

ሳቁና ቀጠሯት። ፊሽካ፣ የእጅ ደወልና አንድ ግራጫ ኮት ሰጧት። ኮቱ ብብቷ ላይ ይይዛት ነበር፤ ግን ስትለብሰው አንገቷ በራሱ ቀና ይላል።

ወጉን አንድ በአንድ አስረዷት። ሣር ላይ ከመምህራን በቀር ማንም አይረግጥም። (ይህን ሕግ የጉቴ ላሞች ሳይነገራቸው ስለቀሩ በማለዳ እየመጡ ሣሩን ይግጡ ነበር፤ ልጆቹም ከዳር ቆመው በቅናት ያዩአቸዋል።) ከምግብ በፊት በላቲን ይጸለያል። ጸሎቱን ኦቦ ባቻ እንግሊዝ አገር ሳሉ በስልካቸው ቀድተውት ነበርና ልጆቹ በውስጡ የሚሰማውን የሳህን ኳኳታ ጭምር አጠኑት። ኦርቶዶክስ ወላጆች የጴንጤ ልሳን ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ጴንጤዎቹ የካቶሊክ ነው አሉ፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም በልቡ ይዞት ቀረ። ቁርስ ፖሪጅ ነው ተባለ። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሳህኑን አይተው፣ «ገንፎ ነው እንዴ? ማን ወለደ?» አሉ። በሁለተኛው ቀን፣ «ዛሬስ ደግሞ ማን ወለደ?» አሉ። በሳምንቱ ግን አራስ የሌለበት ገንፎ ለመዱ።

ሸዋገነትን ያስደነገጣት የመጨረሻው ወግ ነበር።

«ልጅ በገዛ ስሙ አይጠራም» አሉ ኦቦ ባቻ። «እዚያ የሚጠሩት በኋለኛው ስሙ ነው።»

«በአባቱ ስም ማለትዎ ነው?»

«በአባቱ ስም።»

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ባቻ! ኦቦም አቶም ሳልል የሰውን አባወራ ስም እንደ በግ ልጥራ? አባትየው ቢሰማስ?»

«አባትየው ሩቅ ነው፤ አይሰማም። ወግ ነው ሸዋገነት። ልጅን ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ነው።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፏ እምቢ አላት። እሷ ያደገችው የትልቅ ሰው ስም ማዕረግ ሳያስቀድሙ የማይነሳበት ቤት ነው። እየዋለች ስታድር ግን ጣመው። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ያደታ ሴት ልጅ ኢቢሴ እዚያ ነበረች፤ ሸዋገነት በባንኩ መስኮት ስንት ቀን ተገትራ ያየችው ሰው ነው ያደታ። አሁን በጠዋት ተነስታ፣ «ያደታ! ቀሚስሽን አስተካክዪ! ያደታ! ንፍጥሽን ጥረጊ!» ትላለች። ወንድማማቾች ሲሆኑ ደግሞ እንግሊዞቹ ታላቁን ሜጀር፣ ታናሹን ማይነር ይላሉ ስለተባለ፣ የኩማ ሁለት ልጆች ኩማ ሜጀርና ኩማ ማይነር ሆኑ። በሳምንት ውስጥ ያላዘዘችው የወለጋ ትልቅ ሰው አልነበረም። አንዱን ጥርሱን ታስፍቀዋለች፤ ሌላውን ጥግ ታቆመዋለች። ማታ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል ከተማውን ሁሉ ስታስተዳድር የዋለች ይመስል ትደክማለች።

በዚህ መሐል አንድ ጆሮው ሰፋፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ መጣ። ስሙ ዮሚፍ ነው። የአባቱን ስም ብትጠይቀው «ዋቅወያ» አላት።

«ዳኛው ዋቅወያ?»

«አዎ።»

ሸዋገነት ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና እስከ መንገዱ በሚሰማ ድምፅ፣ «ዋቅወያ! ኮትህን ቆልፍ!» አለች።

ልጁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፍራሹን አረጠበ። ይህም የራሱ ወግ ነበረው። ያ እንግሊዛዊ ቡና ገዢ፣ በልጅነቱ አልጋው ላይ የሸና ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ይጠራ እንደነበር ለኦቦ ባቻ በምሬት ነግሯቸው ኖሯል። እሱ በምሬት ያወራውን እሳቸው ለሥራ ያዙት። ስለዚህ ሸዋገነት በማለዳው ሰልፍ ፊት ቆማ፣ «ዋቅወያ ፍራሹን አርጥቧል!» ስትል ዶርሙ ሁሉ ሳቀ። ዮሚፍም አብሮ ሳቀ። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነበር። ሸዋገነት ይህን አይታ፣ ‹ዓይን አውጣ፤ በአባቱ ወጥቷል› አለች በልቧ፤ በማግስቱም ድምፅዋን ጨምራ ደገመችው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ጥሪው ለአራት ሰዓት ነበር። ነገር ግን ዳኛ ሰው አያስጠብቅም፤ ኦቦ ዋቅወያ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለልጃቸው ጭኮ በሳህን አስቋጥረው፣ ልጆቹ ገና በሰልፍ ላይ ሳሉ ደረሱ። ዘበኛው አስገባቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቆመው የልጃቸውን ራስ ከሰልፉ መሐል በዓይናቸው ሲፈልጉ፣ ሸዋገነት ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው አዋጇን ለቀቀችው።

«ዛሬም ዋቅወያ ፍራሹን አርጥቧል! ትናንት አርጥቧል፣ ዛሬም አርጥቧል! ዋቅወያ ትልቅ ሰው አይደለህም ወይ? አታፍርም ወይ?»

ኦቦ ዋቅወያ መነጽራቸውን አወለቁ። ቃል ግን አልወጣቸውም። ዘበኛው ወደ ሱሪያቸው ላለማየት ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

ዮሚፍ አያቸውና «አባ!» እያለ፣ በተከለከለው ሣር ላይ ሮጦ ተጠመጠመባቸው።

«ምን አደረግህ አንተ?» አሉት በጆሮው።

«እኔ? እኔ ምንም አላደረግሁም። ዋቅወያ ነው እንጂ።»

«ዋቅወያ ማነው?»

ልጁ ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አያቸው። ነገሩ ያኔ ገና እንግዳ ሆነበት። «አንተ ነህ መሰለኝ» አለ።

ሸዋገነት ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፊሽካው ከእጇ ወደቀ። ያን ያህል ጊዜ የተመኘችው ነገር ነበር፤ ዳኛው ፊት ለፊቷ ተዋርደው ቆመዋል። እሷ ግን ዓይኗን ሰብራ ፊሽካውን ልታነሳ ጎነበሰች። ሰው ሲዋረድ ማየት ከሩቅ ሆነው ሲያስቡት ነው የሚጥመው።

በአራት ሰዓት የቀሩት ወላጆች መጡ። ልጅ ደግሞ ምሥጢር አይጠብቅም፤ ኢቢሴ አባቷን ገና ሳትስመው፣ «መጀመሪያ የመጣህ ቀን ‹እማዬ፣ እማዬ› እያልክ ስታለቅስ አደርክ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሳህን ሰበርክ» አለችው። ያደታ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ የሚያውቀው የባንኩ ደንበኛ ቆሞ ይሰማል። በየጥጉ አባቶች የፈጸሙትን ጥፋት ከልጆቻቸው አፍ እየሰሙ ፊታቸው ይለዋወጥ ጀመር። እናቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ሳይቆይ ሁሉም ወደ መመገቢያው አዳራሽ ገቡና ኦቦ ባቻን ከበቡ።

ኦቦ ዋቅወያ እንደ ችሎት ጀመሩ። «እንግሊዝ አገር ልጁን በኋለኛው ስም ሲጠሩት፣ ስሙ የማን ነው?»

«የቤተሰቡ ነው» አሉ ኦቦ ባቻ። «እዚያ አባትም ልጅም አያትም የሚጠሩበት አንድ ስም ነው።»

«እዚህስ?»

ኦቦ ባቻ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «እዚህ... የአባት ስም ነው።»

«የአባት ብቻ?»

«የአባት ብቻ።»

«እንግዲያው ፍራሹን ያረጠብኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

አዳራሹ ለመሳቅ ፈለገ፤ ዳኛውን አይቶ ተወው። ያኔ ከኋላ በኩል ኩማ ተነሳ። ኩማ ከጦሩ በአሥር አለቃነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ወንድሞቼ፣ ወጉ መልካም ነው፤ አይነካ» አለ። «እኔን መንግሥት ስንት ዓመት አገልግዬው ያልሰጠኝን እዚህ ትምህርት ቤት ሰጥተውኛል። ልጄን ‹ኩማ ሜጀር› ብለው ሲጠሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሜጀር በእንግሊዝኛ ሻለቃ ነው።» ትርጉሙን ሊያቃናለት የደፈረ አልተገኘም።

ዳኛው ወደ ሸዋገነት ዞሩ። ትኩር ብለው አዩዋት። «አንቺ የግንቡ ሴትዮ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ሆን ብለሽ ነው እንግዲህ።»

ልትዋሽ አስባ ነበር። የኦቦ ባቻ ዓይንም ‹ዋሺ› ይላታል። ነገር ግን ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ አሻቅቦ ያያታል።

«ስምዎን የጠራሁት በሕጉ ነው» አለች። «መጣፈጡ ግን የራሴ ነው።»

አሁን አዳራሹ ሳቀ። የኦቦ ዋቅወያ ከንፈርም ጠርዙ ላይ ትንሽ ነገር ሆነ፤ ወዲያው መነጽራቸውን አጠለቁና ጠፋ። ኦቦ ባቻ ነገሩን ለማብረድ፣ እንግሊዞቹ ለልጅ ቁጥር የሚሰጡበትም ጊዜ ነበር ብለው ቁጥር አቀረቡ። «ይህማ ወህኒ ቤት ነው!» ብለው እናቶች ጮሁ። በመጨረሻ ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ በገዛ ስሙ እንዲጠራ ተወሰነና ሰዉ ወደ ምሳው ሄደ።

ሸዋገነት ከሥራ እባረራለሁ ብላ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። የሚያባርራት ግን አልመጣም፤ እንደሷ የሚጮህ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

ሰኞ ጠዋት የዮሚፍ ፍራሽ እንደገና ርጥብ ነበር። ሸዋገነት አዋጁን በገዛ ሥልጣኗ ሰርዛው በዝምታ ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ፍራሽ ግን አይሸሸግም። ልጆቹ አዩትና፣ «ዮሚፍ! ዮሚፍ ፍራሹን አረጠበ!» ብለው ጮሁ። ሕጉ በገዛ ስሙ ጥሩት ብሏል፤ በገዛ ስሙ ጠሩት።

ዮሚፍ ይህን ጊዜ አልሳቀም። ጆሮው ቀላ። ኮቱን አውልቆ ወረወረና ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ገብቶ ተደበቀ። ሸዋገነት ስትደርስ ፊቱን ከግድግዳው ጋር ለጥፎ ይንሰቀሰቃል። አጠገቡ ቁጭ አለች። ግራጫው ኮት ብብቷ ላይ ተተረተረ፤ ግድም አልሰጣት።

«ያኔ ስጮህብህ አልነበር እንዴ የምትስቀው? አሁን እኮ ምንም አላልኩም» አለችው።

«ያኔ እኔ አልነበርኩም» አለ ዮሚፍ። «ያኔ ዋቅወያ ነበር። አሁን እኔ ሆንኩ።»

ሸዋገነት ዓይን አውጣ ያለችው ሳቅ ዓይን አውጣነት እንዳልነበረ፣ ልጁ ከእሷ ድምፅ ሥር የተጠለለበት ጥላ እንደነበረ ያኔ ገባት። ፊቱን በኮቷ እጅጌ ጠረገችለት። ከዚያ ከኦቦ ባቻ ቢሮ የዳኛውን ስልክ ቁጥር ለምና ደወለች።

«ክቡር ዳኛ፣ ሸዋገነት ነኝ። የግንቡ።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ስምዎን መልሰው እንዲያውሱኝ ነው የደወልኩት።»

የሆነውን ነገረቻቸው። ልጁ ያለውንም ቃል በቃል አልሸሸገችም። በስልኩ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማት፤ መነጽራቸውን እያወለቁ ነው ብላ ገመተች።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አሉ በመጨረሻ።

«ልጁ እስኪደርቅ።»

«በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ድምፃቸው ከችሎት ድምፅ ወርዶ፣ «ጮክ ብለሽ በይው፤ ልጁ በደንብ እንዲሰማ» አሉ።

በማግስቱ ሸዋገነት በሰልፍ ፊት ቆመችና የጉቴን አእዋፍ በሚያስነሳ ድምፅ፣ «ትናንትም ዛሬም ፍራሹን ያረጠበው ዋቅወያ ነው! ዋቅወያ በስልክ አምኗል፤ ይቅርታም ጠይቋል!» አለች። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ዮሚፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኢቢሴ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ኮቷን ጎተተች፤ ልጆቹ በኦሮምኛ ‹አደ›፣ ማለት ወይዘሮ፣ ነበር የሚሏት። «አደ ሜትረን፣ የኔም አባት ያበድረኝ። ሳህን ሰብሬያለሁ።» ሸዋገነት ለያደታ ደወለች። ያደታ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ዳኛው መፍቀዳቸውን ሲሰማ ግን ከዳኛ የባሰ ኩሩ ላለመባል እሺ አለ። ዳኛውና የባንኩ ሰው ከፈቀዱ ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ክረምቱ ሳይገባ የአባቶቹ ስም ሁሉ ተመልሶ ገባ። አሁን ግን ልጆቹ ራሳቸው አንድ ማሻሻያ አድርገውበታል፤ ጥፋት በአባት ስም፣ ምስጋና በልጅ ስም ሆነ። አንደኛ የወጣችው ኢቢሴ ናት፤ ደብተሯን የጣለው ያደታ ነው። በሩጫ ያሸነፈው ዮሚፍ ነው፤ ሣር የረገጠው ዋቅወያ ነው። እንግዳ ሲመጣ ኦቦ ባቻ ይህን በኩራት እያሳዩ፣ «አራት መቶ ዓመት የቆየ የእንግሊዞች ወግ ነው» ይላሉ። ኩማ ብቻ ሻለቃነቱ ጥፋት በተሠራ ቀን ብቻ መነሳቱን ሲሰማ ቅር ብሎት፣ ልጆቹን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲያጠፉ ይመክራቸዋል ይባላል።

የዮሚፍ ፍራሽ ከክረምቱ በኋላ ደረቀ። ዳኛው ለዚህ አላመሰገኗትም፤ የግንቡንም ፍርድ አላዞሩም፤ ግንቡ አንድ ክንድ እንደገባ ቆሟል። ሸዋገነትም አልጠየቀቻቸውም። አሁን ይዛው የምትዞረው በዝናብ ጊዜ የሚያስነክሳትን የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉቴ በታክሲ ወደ ነቀምቴ ትገባለች። ገበያ ውስጥ ቃሪያ እየመረጠች ሳለ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቀድመው ሰላም ይሏታል። «አካም ጅርቱ፣ አደ ሜትረን» ይሏታል፤ «ፈያዳ» ትላቸዋለች። ደህንነቷን፣ የልጆቻቸውን ጤና፣ የመንገዱን ነገር ይጠይቃሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ ያዩና፣ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ሳምንትስ ምን አጠፋሁ?» ይሏታል።

ሸዋገነት ድምፅ ዝቅ ማድረግ አይሆንላትም። «ጓደኛዎን ነክሰዋል፣ ኦቦ!» ትላለች፣ ቃሪያውን በዘንቢሏ እየጨመረች። «ግን ታርቃችኋል!»